የፊዚዮቴራፒ ረዳት ሥራ በአሜሪካ የጤና መድን ሂሳብ እንዴት እንደሚከፈል



በዚህ ጋዜጣ ዘወትር የሚጻፈው ስለ ቡናና ስለ ቆዳ ዋጋ፤ ስለ ጉምሩክና ስለ መርከብ ኪራይ ስለ ሆነ የዛሬው አርእስት ለብዙዎች እንግዳ መስሎ እንደሚታይ አስባለሁ። ነገር ግን ከአባሎቻችን መካከል ወንድሙ ወይም የወንድሙ ልጅ በአሜሪካ አገር የማይኖርበት ሰው ጥቂት ነው። እነዚህም ዘመዶቻችን በዚያ አገር በሕክምና ሥራ ተሠማርተው ሲገኙ ስለ ሂሳባቸው ምክር የሚጠይቁት እዚህ ያለውን ነጋዴ አጎታቸውን ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጸሐፊያቸው ሆኜ የማገለግላቸው ነጋዴ ባለፈው ጊዜ አንድ ደብዳቤና ሦስት ገጽ የሂሳብ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «እስቲ ይህን ፍታልኝ፤ ልጁ ሁለት ሠራተኞች ላሰናብት ወይስ ላቆይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን ያልገባኝን ነገር አልመክርም» አሉኝ። ደብዳቤውን የጻፈው በቨርጂኒያ ግዛት አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ያቋቋመው የወንድማቸው ልጅ ነው። ክሊኒኩ በሽተኛ የሚያስተኛ ሳይሆን ታካሚው መጥቶ ታክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነው። ባለሞያው እርሱ ብቻ ሲሆን ሁለት ረዳቶች አሉት። የደብዳቤውም ፍሬ ነገር «ጋሼ፤ መንግሥት በረዳቶቼ ሥራ ላይ ከመቶ 15 ዶላር እየቀነሰ ስለሚከፍለኝ አልቻልኩም» የሚል ነበር። ስም ሳልጠራ ነገሩን ለአንባብያን እንዳስረዳ ተፈቅዶልኛል።

አስቀድሞ ረዳት ማለት ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። የፊዚዮቴራፒ ባለሞያ በአደጋ፤ በቀዶ ሕክምና ወይም በሽባነት የደከመውን አካል በእጅ ሥራና በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ ወደ ኀይሉ የሚመልስ ነው። በእኛ አገር የተሰበረውን የሚጠግን፤ የወለቀውን የሚመልስ ወጌሻ ቢኖርም ይህኛው ሥራ ጥገናው ካለቀ በኋላ የሚጀምር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በአሜሪካ አገር ዛሬ ባለሞያው የሚወጣው በዶክትሬት ማዕርግ ሲሆን ረዳቱ ግን ሁለት ዓመት ያህል በኮሌጅ ተምሮ፤ አገር አቀፍ ፈተና አልፎ፤ ከሚሠራበት ግዛት ፈቃድ የሚያወጣ ነው። ስለዚህ ረዳት ስንል ዕቃ አቀባይ ወይም ተላላኪ ማለታችን አይደለም። በሽተኛውን ብቻውን ይዞ ያሠራዋል፤ ያስረምደዋል። የማይፈቀድለት ነገር ቢኖር በሽተኛውን መጀመሪያ መርምሮ የሕክምናውን ዕቅድ ማውጣት ወይም ዕቅዱን መለወጥ ነው። ይህ የባለሞያው ድርሻ ነው። ቢያንስ በየዐሥሩ የሕክምና ቀን መጻፍ ያለበትንም የሂደት መግለጫ ባለሞያው ራሱ ይጽፋል።

ከፋዩ ደግሞ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ነው። ይህ መድን በ1965 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸውን ሰዎችና አንዳንድ የአካል ጉዳተኞችን ያገለግላል። ለያንዳንዱ የሕክምና ሥራ የዋጋ ዝርዝር አለው። በሽተኛው በየዓመቱ መጀመሪያ የሚችለውን የተወሰነ ገንዘብ ከከፈለ በኋላ በዝርዝሩ ከተፈቀደው ዋጋ ሜዲኬር ከመቶ 80 እጅ፤ በሽተኛው ከመቶ 20 እጅ ይከፍላሉ። ረዳቱ በሜዲኬር መዝገብ በራሱ ስም አይመዘገብም። በራሱም ስም ሂሳብ ማቅረብ አይችልም። የሠራው ሥራ ሁሉ በባለሞያው ስምና ቁጥር ይቀርባል። ወኪል የሸጠው ዕቃ በጌታው መዝገብ እንደሚገባ ያለ ነው።

እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ሥራውን ባለሞያው ሠራው ወይም ረዳቱ ሠራው ክፍያው አንድ ነበር። ለውጡ የመጣው በየካቲት 2 ቀን 2010 በእኛ አቆጣጠር፤ ይኸውም በፌብሩዋሪ 2018 በጸደቀው የበጀት ሕግ ነው። ይህ ሕግ በአንድ ወገን ከ1997 ጀምሮ በሕግ ተደንግጎ የነበረውንና በየጊዜው ሲታገድና ሲለዘብ የቆየውን የዓመት የገንዘብ ጣሪያ አነሣ። በሌላ ወገን ደግሞ ረዳት በሙሉ ወይም በከፊል ለሠራው ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ ከተለመደው ክፍያ ከመቶ 85 እጅ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ነርስ ሐኪሞችና የሐኪም ረዳቶችም በዚሁ መድን ከሐኪሙ ዋጋ 85 እጅ ይከፈላቸው ስለ ነበር ሕግ አውጪዎቹ መስፈሪያውን ከዚያ የወሰዱ ይመስላል። በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው እጅ መቀበላቸው ግን ለነጋዴ ዓይን የተሰወረ አይደለም። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ረዳት የሠራው ሥራ በሂሳቡ ወረቀት ላይ «ሲ ኪው» በሚባሉ ሁለት ፊደሎች ምልክት እንዲደረግበት ተደረገ። ቅናሹ በገንዘብ መታየት የጀመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ወዲህ ነው። በገጠር ላሉት፤ በወጪያቸው መጠን ለሚከፈላቸው ትናንሽ ሆስፒታሎች ይህ ቅናሽ አይደርስም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። የልጁ የመጀመሪያ ስሕተት የተገኘው በዚህ ላይ ነውና።

የተፈቀደው ዋጋ 100 ዶላር ነው እንበል። ሥራውን ባለሞያው ሲሠራ ሜዲኬር 80፤ በሽተኛው 20 ዶላር ይከፍላሉ። ረዳቱ ሲሠራ የ15 በመቶ ቅናሹ የሚነካው የመድኑን ድርሻ ብቻ ነው። ከ80 ዶላር 85 እጁ 68 ዶላር ይሆናል፤ የበሽተኛው 20 ዶላር ግን ሳይነካ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ክሊኒኩ የሚቀበለው ልጁ እንደ ጻፈው 85 ዶላር ሳይሆን 88 ዶላር ነው። በዚህ ላይ ከ2013 ጀምሮ በመድኑ ክፍያ ሁሉ ላይ የሚቆረጥ ከመቶ 2 እጅ አለ። እርሱ ሲቀነስ 80 ዶላሩ 78 ከ40 ሳንቲም፤ 68 ዶላሩም 66 ከ64 ሳንቲም ይሆናል። የበሽተኛው ሲጨመር በባለሞያው ሥራ 98 ከ40፤ በረዳቱ ሥራ 86 ከ64 ይገኛል ማለት ነው። ልዩነቱ 11 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ለማለፍ አልወድም። በገበያችን ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ በቅናሽ የገዛ ነጋዴ ከቅናሹ ጥቂቱን ለደንበኛው ካላካፈለ ይታማል። በዚህ ሕግ ግን በረዳት የታከመው ሽማግሌ በባለሞያ ከታከመው ጋር እኩል 20 ዶላር ይከፍላል። ቅናሹን የሚያገኘው መንግሥት፤ የሚሸከመው ክሊኒኩ ነው፤ በሽተኛው ከሁለቱም የለበትም። ይህ በእኔ አስተያየት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ የልጁ ጥያቄ ረዳት ማቆየት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚል ነው። ይህም በቅናሹ ብቻ አይፈታም፤ የደመወዙ ልዩነት መታየት አለበት። ለምሳሌ ያህል ባለሞያ በሰዓት 45 ዶላር፤ ረዳት 30 ዶላር ይከፈላቸዋል ብለን፤ በአንድ ሰዓትም 100 ዶላር የተፈቀደ ሥራ ይሠራል ብንል፤ በባለሞያው ሥራ 53 ከ40፤ በረዳቱ ሥራ 56 ከ64 ይተርፋል። ስለዚህ በሰዓት የ100 ዶላር ሥራ በሚሠራበት ክሊኒክ የደመወዙ ልዩነት ከ11 ዶላር ከ76 ሳንቲም በላይ እስከ ሆነ ድረስ ረዳቱ ከነቅናሹም ቢሆን አይከስርም። ከዚያ በታች የወረደ እንደ ሆነ ግን የልጁ ሥጋት እውነተኛ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ሦስቱን ገጽ ስመለከት በሁሉም መሥመር ላይ ሲ ኪው ተጽፎ አገኘሁ። ልጁ ረዳት ክሊኒኩ ውስጥ እጁን ያስገባበትን ቀን ሁሉ ምልክት ያደርግበት ነበር። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ምልክቱ የሚደረገው ለቀኑ ወይም ለበሽተኛው ሳይሆን ለያንዳንዱ የሥራ ዓይነትና መስፈሪያ ነው።

መስፈሪያ ያልሁት እህል በቁና እንደሚሰፈር የፊዚዮቴራፒ ሥራ በ15 ደቂቃ ስለሚሰፈር ነው። ከ8 እስከ 22 ደቂቃ የተሠራው አንድ መስፈሪያ፤ ከ23 እስከ 37 ደቂቃ ሁለት፤ ከ38 እስከ 52 ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ረዳቱ ብቻውን የሠራው ጊዜ ከአንዱ ሥራ ጊዜ ከመቶ 10 እጅ ካለፈ ምልክቱ የግድ ነው። 30 ደቂቃ በፈጀ ሥራ ረዳቱ 3 ደቂቃ ቢሠራ ምልክት የለም፤ 4 ደቂቃ ቢሠራ ግን አለ። በ15 ደቂቃም ሥራ 3 ደቂቃ ይበቃል። ባለሞያውና ረዳቱ አንዱን በሽተኛ አብረው ይዘው የሠሩበት ጊዜ የባለሞያው ሆኖ ይቆጠራል እንጂ ለረዳቱ አይታሰብም። ደግሞም ከ2022 ጀምሮ የመጨረሻዋ አንዲት መስፈሪያ ስትቀር ባለሞያው ራሱ 8 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የሠራባት እንደ ሆነ ረዳቱ ጥቂት ቢጨምርባትም ያለ ምልክት ትቀርባለች።

በልጁ ወረቀት ላይ ከተገኘው የአንዱን በሽተኛ ላንሣ። ልጁ ራሱ 15 ደቂቃ በእጁ የመገጣጠሚያ ሕክምና ሰጥቶታል፤ ከዚያ ረዳቱ 30 ደቂቃ እንቅስቃሴ አሠርቶታል። መስፈሪያው ሦስት ነው። ምልክት የሚገባው በሁለቱ የእንቅስቃሴ መስፈሪያዎች ላይ ብቻ ነበር፤ ልጁ ግን በሦስቱም ላይ አድርጓል። አንዷ መስፈሪያ 30 ዶላር ብትሆን የመድኑ ድርሻ 24 ዶላር ነው፤ በምልክቱ ምክንያት ወደ 20 ከ40 ይወርዳል። በከንቱ የቀረችው 3 ዶላር ከ60 ሳንቲም ናት። በቀን ዐሥር እንዲህ ያሉ በሽተኞች ቢኖሩ 36 ዶላር፤ ዓመቱ 250 የሥራ ቀን ቢሆን 9,000 ዶላር ይሆናል። አሠሪዬ ይህን ቁጥር ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጁ ረዳቶቹን ሳይሆን እስክሪብቶውን ያሰናብት» አሉ።

ይሁን እንጂ ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ እጅግ ያስፈራል። ምልክት የሚገባውን ሥራ ያለ ምልክት ማቅረብ መንግሥትን በሐሰት ሂሳብ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል፤ የአገሩም ሕግ አውቆ ላደረገው ሰው የወሰደውን ሦስት እጥፍ ከነመቀጫው ያስከፍላል። ስለዚህ ረዳቱ ስንት ደቂቃ ብቻውን እንደ ሠራ፤ ባለሞያው ስንት ደቂቃ እንደ ሠራ በየቀኑ በመዝገብ መያዝ የክሊኒኩ ዋና መከላከያ ነው። ደቂቃ ያልተጻፈበት ምልክት በየትኛውም ወገን አይታመንም።

ስለ ቁጥጥሩም ጥቂት ልበል። በግል ክሊኒክ ረዳት ሲሠራ ባለሞያው በዚያው ክሊኒክ ውስጥ መገኘት ነበረበት፤ ከ2020 ወዲህ በምስልና በድምፅ መገናኛ መገኘትም ተፈቅዶ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግን የግዛቱ ሕግ የበለጠ ካላጠበቀ በቀር ባለሞያው በስልክ የሚገኝ ከሆነ በቦታው ባይኖርም ሜዲኬር ይከፍላል። ይህ ለልጁ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ እርሱ ታሞ የቀረ ቀን የሁለቱም ረዳቶች ሥራ ይቋረጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ዕቅዱ የወጣላቸውን በሽተኞች ይዘው መዋል ይችላሉ። በደብዳቤው ውስጥ ይህን ለውጥ አንድም ቦታ አላነሣውም። በሐኪም ክሊኒክ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ረዳት ግን የሐኪሙ አገልግሎት ተከታይ ተብሎ በሐኪሙ ስም ሊከፈልበት አይችልም፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ክሊኒክ ተጠያቂ ይሆናል።

ከላይ የተባለው ሁሉ የሜዲኬር ነው። የወታደሮችንና የቤተ ሰቦቻቸውን ሕክምና የሚችለው መድን የረዳቶችን ሥራ መክፈል የጀመረው በ2020 ነው። ለድኾች የሚከፍለው መድን በየግዛቱ ይለያያል፤ የግል መድን ኩባንያዎችም ገሚሱ የሜዲኬርን ሥርዓት ይከተላሉ፤ ገሚሱ በውላቸው ይወስናሉ። ስለዚህ ውሉን ሳያነቡ በሁሉም ላይ አንድ ሂሳብ መዘርጋት አይገባም።

አሠሪዬ ያስጻፉኝ መልስ አጭር ነው። ረዳቶቹን እንዳያሰናብት፤ ከዛሬ ጀምሮ ደቂቃውን በሰዓት እንዲይዝ፤ ያለ አግባብ ምልክት ያደረገበትን ሂሳብም ውሳኔ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ሳይሞላው እንደገና እንዲታይለት ለከፋዩ ቢሮ እንዲያመለክት ነው። በደብዳቤው ግርጌ በገዛ እጃቸው «በርታ የወንድሜ ልጅ፤ የረዳቶችህን ደመወዝና የአንተን የሰዓት ዋጋ ለይተህ ላክልኝ» ብለው ጨመሩበት። ልጁም ወር ሳይሞላ የሁለቱን ደመወዝ ልኮ ስናሰላው ልዩነቱ ከላይ ካልሁት ልክ በለጠ፤ ሁለቱም ረዳቶች በሥራቸው ላይ ይገኛሉ።