ለብርድና ለእርጥበት የሚሆን ጓንት፦ ከጅግጅጋ እስከ በርበራ ከብት የሚይዝ እጅ ምን ይልበስ?

የበርበራን ወበቅ ብቻ የሚያውቅ ሰው በታኅሣሥ ወይም በጥር ጎሕ ሲቀድ ወደ ሀርጌሳ የከብት ገበያ ቢወጣ ጋቢ አለመደረቡ ይቆጨዋል። ሀርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጅግጅጋ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ የሚሻገረው ነጋዴ ብርዱን ከዚያም ቀድሞ ያገኘዋል፤ ጅግጅጋ ከሀርጌሳም ትበልጣለችና። ሌሊቱን በጭነት መኪና ላይ ከበግና ከፍየል ጋር ያደረው ረዳት ጃኬት ይኖረዋል፣ ሻሽም ይጠመጥማል። እጁ ግን ባዶ ነው።

ያ እጅ ብዙ ሥራ አለበት። ፈንድቶ የመጣውን በግ ያወርዳል፣ የግመል ገመድ ይይዛል፣ አፍ ከፍቶ በጥርስ ዕድሜ ያያል፣ ላትና ወገብ ጨብጦ ሥጋ ይለካል። ከዚያም ደላላው በጨርቅ ሥር ጣት እየጨበጠ ዋጋ የሚነጋገረው በዚያው እጅ ነው። የበጉን ምራቅ የነካ መዳፍ ከደቂቃ በኋላ የገዢው መዳፍ ውስጥ ይገባል። ጓንት ለብሶ የጣት ዋጋ መነጋገር ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ጓንት መልበስ አይደለም፤ ለየትኛው ሥራ የትኛው፣ መቼስ ይወልቃል የሚለው ነው።

የፈረስ ሰዎች ይህን ጥያቄ ቀድመው ያውቁታል። በአዊ ዞን እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚውለው በዚሁ የብርድ ወር ነው። በብርድና በዝናብ የሚጋልብ ሰው ከጓንት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ እንዲያሞቀው፣ ውኃ እንዳያስገባበት፣ ዛቡንም በጣቱ እንዲያውቀው። ሦስቱን በአንድ ላይ የሚሰጥ ጓንት ብርቅ ነው። ወፍራሙ ያሞቃል፣ ግን ዛቡ አይታወቅም። ስሱ ዛቡን ያሳውቃል፣ ግን ጣት ይደነዝዛል። የበግ ነጋዴም በዛቡ ፋንታ ገመድ ይዞ ያንኑ ይመርጣል።

ቆዳ ለገመድ የሚተካከለው የለም። ፈርጠጥ ያለ ግመል ወይም ሰንጋ ገመዱን ሲመዘው የመዳፍን ቆዳ ገፎ ይሄዳል፤ የቆዳ ጓንት ያንን ይከላከላል። ጉድለቱ ውኃ ነው። ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። ደም ወይም የእንግዴ ልጅ ፈሳሽ ከገባበትም ጸድቶ አይጸዳም፤ በረኪናውም ቆዳውን ይበላዋል። በጥጥ የተሠራ ሹራብ ጓንት ከዚህ ይብሳል፤ ደረቅ ሳለ ይሞቃል፣ ሲረጥብ እጅን ከባዶ በላይ ያቀዘቅዛል። ሱፍ ከጥጥ ይሻላል፤ እርጥብም ሆኖ ሙቀት ይይዛል። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ለክረምት ግልቢያ ወይም ለሞተር ብስክሌት የተሠራ፣ ውስጡ ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን ያለው ጓንት ሊገኝ ይችላል። የሚፈተነው ቀላል ነው፦ አንገቱን ጠቅልሎ አየር መንፋት፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ ማጥለቅ፣ ከስፌቱ አረፋ ከወጣ መመለስ። ልክም መታየት አለበት። ጠባብ ጓንት ደም እንዳይዘዋወር አድርጎ ጣትን ያበርዳል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር አነስ ያለ ጓንት ርካሽ ቢሆንም ኪሳራ ነው።

እስከዚህ ያለው ስለ ምቾት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ንግዱ ነው።

የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ትንኝ የሚያመላልሰው በሽታ ይሁን እንጂ፣ ሰዎችን በብዛት የሚይዘው የታመመን ከብት ደም፣ ሥጋና የውርጃ ፈሳሽ በመንካት ነው። ከባድ ዝናብ በኋላ ትንኙ ሲበዛ በጎች በአንድ ጊዜ ይጨነግፋሉ፣ ግልገሎች ይረግፋሉ። በ1997 መጨረሻ የጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ወረርሽኝ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998 የከብት ግዢዋን እንድታቆም አደረገ፤ በ1999 ተከፈተ። በመስከረም 2000 ግን በሽታው በሳዑዲ ጂዛንና በየመን ሰው ገደለ፤ ከአፍሪካ ውጭ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘጉ። የሳዑዲ በር ዳግም የተከፈተው በ2009 ነው፤ የበርበራው የኳራንቲን ጣቢያም ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በዚያ ዘመን የነበረ የሀርጌሳ ነጋዴ ዘጠኝ የሐጅ ወቅት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይጠየቅም።

ጓንት ወደብ አያስከፍትም፤ ይህን የሚያደርገው የደም ምርመራና የታመመን ከብት ከመንጋው መለየት ነው። ጓንት የሚጠብቀው ሰውን ነው። ነገር ግን በ2000 በሩን ያዘጋው የሰው ሞት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ከዚህ ሌላ ብሩሴሎሲስ አለ፤ የጨነገፈችን ፍየል በባዶ እጅ ያዋለደ እረኛ ለወራት የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያተርፍ ይችላል። አፏ የቆሳሰለ በግ የያዘ እጅ ላይም ኦርፍ የሚባለው ቁስል ይወጣል። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ከብት ግን ጓንት ኖረ አልኖረ አይከፈትም፤ ለእንስሳት ሐኪም መንገር ነው።

ለእነዚህ ሥራዎች የሚሆነው ስሱ የናይትሪል ጓንት ነው። ከላቴክስ ይልቅ ስብና ዘይት ይችላል፣ የላቴክስ አለርጂ ያለበትንም አያስቸግርም። ሙቀት የለውም፣ ቀንድና ገመድም ይቀደዋል። መፍትሔው መደራረብ ነው፦ ናይትሪል ከውስጥ፣ ሱፍ ወይም ቆዳ ከላይ። ፈሳሽ ያለበት ሥራ ሲመጣ የላዩ ይወልቃል፣ ሲያልቅ የውስጡ ይጣላል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ለማዋለድ እስከ ትከሻ የሚደርሰው ረጅሙ ፕላስቲክ ጓንት አለ። ቤት ውስጥ ዕቃ የሚታጠብበት ወፍራም ላስቲክም ለጽዳትና ሬሳ ለማንሳት ይበቃል፤ በሳሙና ታጥቦ በበረኪና ውኃ ተነክሮ ደግሞ ያገለግላል።

ወጪው በምሳሌ ይታይ። 10 ሠራተኞች፣ በቀን 2 ጥንድ፣ ለ3 ሳምንት ቢሰጣቸው 420 ጥንድ ነው። የናይትሪል ካርቶን 100 ፍሬ ማለትም 50 ጥንድ ይይዛል፤ ስለዚህ 9 ካርቶን ይበቃል። ይህን በሀርጌሳ ፋርማሲ ዋጋ አባዝቶ በአንድ በግ ዋጋ ማነጻጸር ለነጋዴው ይተዋል። ችግሩ ዋጋው አይደለም። ጫኝና አውራጁ የሚከፈለው በራስ ቁጥር ነው፤ ጓንቱን ከራሱ ኪስ አይገዛም፣ ደላላው የነጋዴው ነው ይላል፣ ነጋዴው የደላላው ነው ይላል። ስለዚህ ከመኪናው ኪራይና ከመኖው ጋር አንድ ላይ ተጽፎ ካልተያዘ ማንም አይገዛውም።

አወላለቁን የሚያሳይ ሰው ከሌለ ደግሞ የተገዛውም አይጠቅም። ከእጅ አንጓ ተይዞ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይወልቃል፤ ሁለተኛው በባዶ ጣት ከውስጥ በኩል ይገለበጣል፣ የመጀመሪያውም በውስጡ ይቀራል። አንድ ጓንት ከአንድ መንጋ ወደ ሌላው ከተሻገረ ራሱ በሽታ ተሸካሚ ነው። መርፌም እንዲሁ፤ ወረርሽኝ ባለበት ወቅት በአንድ መርፌ መንጋ መውጋት በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዳረስ ነው።

ካርቶኑ የሚቀመጥበት ቦታም አለ። ሀርጌሳ ላይ በብርድ የተገዛ ላቴክስ በርበራ ላይ በመኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በወንበሩ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።