ብርሃን የሚያሳድገው የወርቅ ዘንግ

በእርግዝና መመርመሪያ ላይ ብቅ የምትለዋ ቀይ መስመር ብዙውን ጊዜ ወርቅ ናት። ያው የጣት ቀለበቱ ወርቅ ነው፤ በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እስኪለካ ሲደቅ ግን ቢጫነቱ ጠፍቶ ቀይ ይሆናል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1857 ለንደን ላይ ወርቅ ስለተበተነበት ቀይ ውሃ ሲያስረዳ፣ ምስጢሩ የቅንጣቶቹ ደቃቅነት መሆኑን ተረድቶ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቅርጹ ነው። ረጅም የከብት ማጠጫ ገንዳ አስቡ። ውሃውን ወደ ጎን ብትገፉት ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ በቁመቱ ብትገፉት ይንቀረፈፋል። በደቃቅ የወርቅ ዘንግ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችም ብርሃን ሲነካቸው እንዲሁ ናቸው። በወርዱ በኩል 520 ናኖሜትር ገደማ ከሆነው አረንጓዴ ብርሃን ጋር ይወዛወዛሉ። በቁመቱ በኩል ደግሞ ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ወደ ቀይ፣ አልፎም ዓይን ወደማያየው ኢንፍራሬድ ይሻገራሉ።

ዘንጉን የሚያሳድገውም ብርሃን ሊሆን ይችላል። በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፔይዶንግ ያንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ዘዴ፣ የወርቅ ጨውን የሳሙና ዘመድ ከሆነው ሲታብ፣ ከጥቂት አሴቶን (አዎ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) እና ከብር ናይትሬት ጋር ቀላቅሎ 254 ናኖሜትር በሆነ የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር 30 ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። አሴቶኑ ጨረሩን ሲውጥ የሚፈጠሩት ራዲካል የተባሉ ንቁ ሞለኪውሎች ለወርቁ አዮን ኤሌክትሮን ያቀብላሉ። ቢጫው ፈሳሽ መጀመሪያ ቀለሙን ይለቅና ውሃ ይመስላል፤ ቆይቶ አዲስ ቀለም ይዞ ይመጣል። ብር ካልገባበት ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ድቡልቡል ናቸው፤ ብሩ ሲጨመር ይረዝማሉ። ብሩ የዘንጉን ጎን ሸፍኖ ወርቁ ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ያደርጋል የሚለው ማብራሪያ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። በኋላ የጃፓን ተመራማሪዎች መብራቱን ከማብራታቸው በፊት ቫይታሚን ሲ ጨምረው ሥራውን በእጅጉ አፋጠኑት።

ዘንጉ ከኢንፍራሬድ ጋር መወዛወዙ ለሕክምናም ተስፋ ሰጥቷል። ማታ ባትሪ መዳፋችሁ ላይ ብታበሩ በጣቶቻችሁ ሥጋ ውስጥ ቀይ ብርሃን ሾልኮ ይታያል። ሥጋ አረንጓዴውን ይውጣል፣ ቀዩንና አጠገቡ ያለውን ኢንፍራሬድ ግን ያሳልፋል። ግብፅ የተወለደው ሙስጠፋ ኤል-ሰይድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 የካንሰር ሴሎች ላይ የወርቅ ዘንጎችን አጣብቀው ይህንኑ ኢንፍራሬድ ብርሃን በሌዘር ሲለቁባቸው፣ ዘንጎቹ ግለው ሴሎቹን ገደሉ። ችግሩ ዘንጉን ያሳደገው ሲታብ ራሱ ለጤነኛ ሴልም መርዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ከሰውነት ጋር ከመገናኘቱ በፊት ታጥቦ፣ ታጥቦ፣ ሌላ ልባስ ይለብሳል።