ሳይሞት የሚቀበር ካምቢዮ፦ የአሮጌ መስል ካር ተረቶችና እውነታዎች

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መስል ካር (ትልቅ ሞተር ያላት የጉልበት መኪና) የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚሰማቸው ፍርዶች አንዱ «ካምቢዮው አልቆለታል» የሚለው ነው። ፈራጁ አንዳንዴ ጎረቤት፣ አንዳንዴ የወንድም ጓደኛ፣ አንዳንዴም ካምቢዮ አውርዶ በመስቀል የሚተዳደር ጋራዥ ነው። የሚቀርበው ማስረጃም አይለያይም፤ መኪናዋ ማርሽ ስትቀይር ትመታለች፣ ወይም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ወደፊት አትልም፣ ወይም ጠዋት ማርሽ ሲገባላት ለመንቀሳቀስ ታመነታለች። እውነታው ግን ሌላ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ የካምቢዮ ችግር የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከካምቢዮው ውጭ፣ በተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ፣ ቦታውን በሳተ ዘንግ ወይም በትክክል ባልተለካ ዘይት ነው።

«ኮምፒውተር ይሰካባትና ይታይ» የሚለው ምክር ቶሎ የሚዘጋ ነው። ዛሬ መካኒኩ መሪው ሥር የሚሰካበት ሶኬት በአሜሪካ መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ስሪት ጀምሮ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት የጄኔራል ሞተርስ ቱርቦ 350 እና ቱርቦ 400፣ የክራይስለር ቶርክፍላይት 727፣ የፎርድ ሲ4 እና ሲ6 የተባሉት አውቶማቲክ ካምቢዮዎች የሚያስቡት በኮምፒውተር ሳይሆን በዘይት ግፊት ነው። ካምቢዮው ማርሽ መቼ እንደሚቀይር የሚወስነው ሁለት ነገሮችን አመዛዝኖ ነው፦ መኪናዋ ምን ያህል ትፈጥናለች፣ ሞተሩስ ምን ያህል ጭነት ተሸክሟል? ፍጥነቱን የሚነግረው ከውጪው ዘንግ ጋር የሚሽከረከር ገቨርነር የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። ጭነቱን የሚነግረው ደግሞ እንደ ካምቢዮው ዓይነት ወይ የሞተሩ ቫኪዩም፣ ወይ ከካርቡራተሩ የሚወርድ ዘንግ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከዋሸ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ካምቢዮ የተሳሳተ ሥራ ይሠራል።

ከዚያ በፊት ግን መኪናዋ የተሸከመችው ካምቢዮ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። «ሦስተኛ ማርሽ ጠፋብኝ» ብሎ የሚመጣ የ1967 ካማሮ ባለቤት አለ። ሁለት ጊዜ መቀየር ያለባት መኪና አንድ ጊዜ ብቻ ትቀይራለች። ከሥር ሲታይ ፓወርግላይድ ሆኖ ይገኛል። ፓወርግላይድ ሲፈጠርም ባለሁለት ማርሽ ነው፤ ሼቭሮሌት ከ1950 እስከ 1973 ስትገጥመው የኖረችው ካምቢዮ ሲሆን ሦስተኛ ማርሽ ኖሮት አያውቅም። የመስል ካር ዘመንን ከፈተች የምትባለው ፖንቲያክ ጂቲኦ ራሷ ከ1964 እስከ 1966 በአውቶማቲክ ስትታዘዝ የሚመጣላት ባለሁለት ማርሽ ነበር፤ ቱርቦ 400 የደረሳት በ1967 ነው። ደግሞም ከሃምሳ ዓመት በላይ በኖረች መኪና ላይ የመጀመሪያው ካምቢዮ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ማን ያውቃል? የታችኛውን የዘይት ሳህን ብሎኖች መቁጠር ከሻጩ ታሪክ ይልቅ ያስተማምናል፦ ሲ4 11፣ ሲ6 17፣ ቶርክፍላይት 727 ደግሞ 14 አላቸው። ቱርቦ 350 እና ቱርቦ 400 ሁለቱም 13 ስለሆኑ እነሱን የሚለያቸው የሳህኑ ቅርጽ ነው፤ የ350ው አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ሲሆን የ400ው ደግሞ ቅርጹ የተዛባ ነው።

አሁን ወደ ቫኪዩሙ። ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ያለው እዚህ ነው።

ቱርቦ 350፣ ቱርቦ 400፣ ሲ4 እና ሲ6 በጎናቸው ወይም በጀርባቸው ሞዱሌተር የምትባል የቆርቆሮ ጣሳ የምትመስል ዕቃ አለቻቸው። ከሞተሩ ማኒፎልድ ቀጭን የብረት ቱቦ ተነስቶ ወደ ኋላ ይወርድና በአጭር ጎማ ከእሷ ጋር ይገናኛል። ነዳጅ ሲረገጥ የሞተሩ ቫኪዩም ይቀንሳል፤ ሞዱሌተሯም «ጭነት አለ» ብላ የዘይቱን ግፊት ታስጨምራለች፣ የማርሽ ቅያሪውንም ታዘገያለች። ያቺ አጭር ጎማ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ዓመታትን ስትቀቀል ከርማ ትሰነጠቃለች። በዚህ ጊዜ ካምቢዮው ነጂው ሁልጊዜ ነዳጁን እስከ መጨረሻ የረገጠው ይመስለዋል፤ ዘግይቶ ይቀይራል፣ ሲቀይርም ይመታል። «ካምቢዮው ተሰባብሯል» የተባለላት መኪና የሚያስፈልጋት ጥቂት ሳንቲሜትር ጎማ ነበር ማለት ነው።

የሚከፋው ግን በሞዱሌተሯ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ሲቀደድ ነው። ሞተሩ በዚያው ቱቦ የካምቢዮ ዘይት እየሳበ ያቃጥላል። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ የካምቢዮው ዘይት ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ተደራርበው ይመጣሉ፤ አንዱ «ሞተሩ ፋሻ ጨርሷል» ይላል፣ ሌላው «ካምቢዮው ያንሸራትታል»። ማረጋገጫው ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ከሞዱሌተሯ ይነቀላል። አፉ ላይ ቀይ ዘይት ካለ ነገሩ አልቋል፤ እዚያ ደረቅ መሆን ነበረበት፣ አየር እንጂ ዘይት አያልፍበትምና። ሞዱሌተሯ ካምቢዮው ሳይወርድ ትቀየራለች።

መስል ካር ስለሆነች ደግሞ የራሷ የሆነ ጣጣ አላት። ጤነኛ ሞተር ሥራ ፈትቶ ሲዞር ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚደርስ ቫኪዩም ይሰጣል። ባለቤቱ ለጉልበቱና ለዚያ ለሚወደደው የሚንገጫገጭ ድምፅ ብሎ ሸካራ የእሽቅድምድም ካምሻፍት ሲያስገባ ቫኪዩሙ በጣም ይወርዳል። ሞዱሌተሯም ይህንን እንደ ጭነት ታነበዋለች። ሰውየው ሞተሩን ካስጠገነ በኋላ «ካምቢዮዬን አበላሹብኝ» ብሎ ሊጣላ ይመለሳል፤ ካምቢዮውን ግን የነካው የለም። መፍትሔው የሚስተካከል ሞዱሌተር መግጠም ነው። ማቀጣጠያው ያለ ጊዜው የሚያቀጣጥል ሞተር፣ ካንዴላው የቆሸሸ ሞተር፣ ማኒፎልዱ አየር የሚስብ ሞተርም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያደርጉ ሞተሩ ሳይስተካከል ካምቢዮ መመርመር ከንቱ ልፋት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ጎጂ እምነት አለ፦ «ሲቀይር የሚመታ ካምቢዮ ጠንካራ ነው።» የተወሰነ እውነት አለበት። ለእሽቅድምድም የተዘጋጀ ካምቢዮ ሆን ተብሎ ፈጥኖና አጥብቆ እንዲቀይር ይደረጋል፤ ያንን የሚያደርግ የተዘጋጀ የመለዋወጫ ስብስብም ይሸጣል። ነገር ግን ትናንት ለስላሳ የነበረች መኪና ዛሬ መምታት ከጀመረች ጥንካሬ አላገኘችም፤ አንድ ነገር ተበላሽቶባታል። ከማርሽ መግባት ጋር የሚሰማ «ጓ» የሚል ድምፅ ደግሞ ጭራሽ ከካምቢዮው ላይሆን ይችላል፤ ያለቀ ክሮቼራ ወይም ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ የሚዞር ሞተር በትክክል ያንኑ ድምፅ ያሰማል።

ክራይስለር ያለው ሰው ሞዱሌተር ፍለጋ መኪና ሥር ባይገባ ይሻለዋል፤ የለም። በቶርክፍላይት ላይ ጭነቱን የሚነግረው ከካርቡራተሩ ተነስቶ ካምቢዮው ጎን ላይ ካለች ማንሻ ጋር የሚገናኝ ዘንግ ነው። ቻርጀር ወይም ሮድ ራነር የገዛ ሰው ካርቡራተሩን በሌላ ይቀይርና ዘንጉ አልገጥም ሲለው ይተወዋል። «ኪክዳውን (ነዳጅ ሲረገጥ ማርሽ ወደ ታች የሚያወርደው) ብቻ ነው፣ ያለሱም ትሄዳለች» ይባላል። ትሄዳለች፣ ግን ብዙ አትሄድም። ዘንጉ ከሌለ ካምቢዮው ሁልጊዜ ነዳጅ ያልተረገጠ ይመስለዋል፤ ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ይቀራል፣ ቶሎ ቶሎና ለስላሳ አድርጎ ይቀይራል። ልስላሴው ነጂውን ያስደስተዋል። በዚህ መካከል በትልቅ ሞተር ጉልበት ሥር በደካማ ግፊት የተያዙት የፍሪሲዮን ሸራዎች እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ግራ የሚያጋባው፣ በቱርቦ 350 ላይ ተመሳሳይ የሚመስለው ገመድ በእርግጥም የኪክዳውን ብቻ ነው፤ ቢነቀል ማርሽ ወደ ታች ማውረዱ ይቀራል እንጂ ካምቢዮውን አያቃጥልም። በቱርቦ 400 ደግሞ ይህ ሥራ የኤሌክትሪክ ነው፣ ስለዚህ ኪክዳውን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ፊውዙና ሽቦው ነው። ለአንዱ ካምቢዮ የሚሠራ ምክር ለሌላው መርዝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘይት መለካትን ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። የጄኔራል ሞተርስና የፎርድ ካምቢዮዎች የሚለኩት ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ሆኖ ነው። የዚያ ዘመን ቶርክፍላይት ሲለካ ግን ማርሹ ኒውትራል ላይ መሆን አለበት፤ ፓርክ ላይ ሲሆን ዘይት ወደ ቶርክ ኮንቨርተሩ ስለማይሄድ መለኪያው በሐሰት ሞልቶ ይታያል። ኮንቨርተሩ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው ክብ ዕቃ ነው። ለሳምንታት የቆመች መኪና ስትነሳ የምታመነታውም ዘይቱ ከኮንቨርተሩ ወደ ሳህኑ ስለሚወርድ ነው፤ ጋራዡ ወለል ላይ የሚታየው ኩሬም አንዳንዴ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ማመንታቱን የጎደለ ዘይት መስሎት የሚጨምር ሰው ሌላ ችግር ይጠራል። ዘይቱ ሲበዛ የሚሽከረከሩት ዕቃዎች ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም፣ መኪናዋም ዘይት እንደጎደላት ሁሉ ትንሸራተታለች።

«ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚለውም አያስኬድም። ፎርድ ለሲ4 እና ለሲ6 ታይፕ ኤፍ የተባለውን ያዝዝ ነበር፤ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በ1967 ዴክስሮንን አወጣ። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሸራ ላይ ያላቸው አያያዝ ግን ይለያያል። ታይፕ ኤፍ ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ ዴክስሮን ለስላሳ እንዲሆን የሚያደርግ ቅመም አለው። ያ ቅመም መጀመሪያ ላይ ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር፤ ዓሣ ነባሪን የሚጠብቀው ሕግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲመጣ ሌላ ለመፈለግ ተገደዱ።

ስለ ዘይት ከተነሳ፣ በአዲስ አበባም በዲትሮይትም እኩል የሚታመን ነገር አለ፦ «የከረመ ዘይት ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል።» ይህ ወሬ የሚያድገው ከእውነተኛ ገጠመኝ ነው። ሰው ዘይት ለመቀየር የሚሮጠው መንሸራተት ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ሸራው አልቋል፣ ከተቀየረ በኋላ ሲቆም ጥፋቱ በአዲሱ ዘይት ላይ ይላከካል። ሳህኑ ሲወርድ የሚታየው ነገር የተሻለ ይናገራል። ከሥር የተኛ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። የሚያብለጨልጭ ናስ፣ የብረት ስንጥር፣ ጥቁር የሸራ ፍርፋሪ ካለና ዘይቱ እንደ አረረ ሽንኩርት ከሸተተ ግን ካምቢዮው ይወርዳል፤ በጠርሙስ የሚሸጥ ተአምረኛ መድኃኒት አያድነውም።

በእርግጥ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ችግርም ቢሆን ስም አለው። በአዲስ አበባ ጋራዥ «ፍሪሲዮን ጨርሷል» ሲባል የሚታወቀው ሸራ እዚህም አለ፤ ልዩነቱ ብዙ ሆኖ ተደራርቦ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ መሥራቱ ነው። የትኛው ማርሽ እንደጠፋ ብቻ አስተውሎ የትኛው ሸራ እንዳለቀ ማወቅ ይቻላል። ሦስተኛውና የኋላ ማርሹ አብረው ከጠፉ፣ በቱርቦዎቹም በቶርክፍላይትም በሲ4ም ሁለቱን የሚይዘው አንድ የፍሪሲዮን ስብስብ ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር ሞተሩ ጮኾ ከሄደ በሲ4 እና በ727 ላይ ሁለተኛውን የሚይዘው ቀበቶ ይጠረጠራል፤ ያ ቀበቶ ደግሞ ከውጭ በብሎን ይስተካከላል። ለሲ4 በ10 ፉት-ፓውንድ ጠብቆ አንድ ዙር ከሦስት አራተኛ መልሶ ማላላት ነው። በ727 ማርሹ ዲ (ድራይቭ) ላይ ሆኖ አንደኛው ከተንሸራተተ፣ በእጅ 1 ላይ ሲደረግ ግን በትክክል ከያዘ፣ ያለቀው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው ክላች ነው፤ እንደዚህ ያለች መኪና ጎማ እያጨሱ መጫወቻ መሆኗ እዚያው ይቁም።

ሁሉንም ከመፍረድ በፊት የሚሠራው የስቶል ፈተና ነው፦ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማ ታግዶ፣ ማርሽ ገብቶ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ይረገጣል፣ ከ5 ሴኮንድ አይበልጥም። ሞተሩ ለኮንቨርተሩ ከተጻፈው ዙር በላይ ከሮጠ ሸራ ይንሸራተታል። ከታች ከቀረ ግን ሞተሩ ደካማ ነው ወይም ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው አንድ አቅጣጫ ያዥ ተሰብሯል። ከፊት ለፊት ሰው መቆም የለበትም።

ካምቢዮው ወርዶ ተሠርቶ ከተመለሰ በኋላ «ሳምንት አልሞላውም» የሚል ቅሬታ ሲሰማ ሁልጊዜ የሠራው ሰው አልተጠነቀቀም ማለት አይደለም። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፤ የአሮጌው ብረትና ሸራ ፍርፋሪ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል። ቱቦው ታጥቦ ካልተመለሰ ፍርፋሪው ወደ አዲሱ ይገባል። ሌላው በመግጠም ጊዜ የሚሠራ ስህተት ነው፤ ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው ተሽከርክሮ ፖምፓው ላይ ሳይቀመጥ ካምቢዮው በብሎን ወደ ሞተሩ ይሳባል፣ ፖምፓውም ሞተሩ ሳይነሳ ይሰበራል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ከታሰረ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ ወደፊት ሲሳብ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። ክፍተት ከሌለ ወይም ኮንቨርተሩ በእጅ አልዞር ካለ፣ ብሎኖቹን ከማጥበቅ በፊት ካምቢዮውን ወደ ኋላ መሳብና ኮንቨርተሩን እንደገና ማስቀመጥ ነው።