የወፍ በሽታና የምንጭ ውሃ



ከወገል ጤና እስከ ላሊበላ ባለው ደጋ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው የሚሉ አሉ፤ መርፌ ከተወጋ ይሞታል የሚሉም ብዙ ናቸው። ስለዚህ በሽተኛው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ባለመድኃኒት ነው። ቀላሉ ዓይነት በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ፣ ሥሩም ቅጠሉም ያዳነ ይመስላል። ክፉው ነገር የሚመጣው በሽተኛዋ ነፍሰ ጡር ስትሆን ነው።

ይህን ነገር በአገራችን አጥብቀው ከመረመሩት ሐኪሞች አንዱ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ናቸው። የጎንደር ካህን ልጅ ሲሆኑ፣ በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሕክምና ሲያስተምሩ፣ ለብዙ ዘመን የደከሙበት የጉበት በሽታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእርግዝና ጊዜ ስለሚይዝ የጉበት ብግነት ጻፉ። በዚያን ወቅት በስም የታወቁት የጉበት ቫይረሶች ኤ እና ቢ ብቻ ነበሩ። በ1983 ሚኻይል ባላያን የተባለ የሶቪየት ተመራማሪ ከበሽተኞች ዓይነ ምድር የተዘጋጀ ፈሳሽ ጠጥቶ ራሱ ታመመና፣ አዲሱን ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። (ድፍረቱን ብናደንቅም ማንም እንዲከተለው አንመክርም።) ይህም በኋላ ሄፓታይተስ ኢ ተባለ። ፕሮፌሰር እደማርያምና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች መካከል የተነሣው ወረርሽኝ ይኸው በሽታ እንደ ነበረ በ1991 አስታወቁ። በ1993 ደግሞ ወደ ነፍሰ ጡሮቹ ተመልሰው፣ ቫይረሱ በኢትዮጵያ እናቶች ላይ የሚያደርሰውን ጻፉ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከዚህ አሥራ ሰባት ዓመት ነው።

ሄፓታይተስ ኢ የሚገባው በአፍ ነው፤ ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ፣ ከውሃው ወደ እንስራ። ሕመሙ የሚታየው ግን ከተጠጣ ከሁለት እስከ አሥር ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ በሽተኛው ከየትኛው ውሃ እንዳገኘው አያስታውስም። የወፏ ታሪክ እስካሁን የቆየው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ይድናል። በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ላይ ያለች ሴት ግን ጉበቷ በድንገት ሥራውን ሊያቆም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በእነዚህ ወራት ከተያዙት ሴቶች ከመቶ እስከ 20 ወይም 25 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ጽንሱ አብሮ ይጠፋል።

ሄፓታይተስ ቢ መንገዱ ሌላ ነው። በደም፣ በጋራ ምላጭ፣ ከእናትም ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ለዓመታት ተደብቆ ጉበትን ያጠነክራል፣ ካንሰርም ያመጣል። የቫይረሱንና የጉበት ካንሰርን ዝምድና እኒሁ ሐኪም በ1970ዎቹ በአገራችን መርምረዋል። ለዚህኛው መከላከያ ክትባት አለ፤ ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው የአምስት በሽታዎች ክትባት ውስጥ ይገኛል። ለኢ ግን በአገራችን በመደበኛነት የሚሰጥ ክትባት የለም። ያለን ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ነው። በ2004 በዳርፉር፣ በ2014 በጋምቤላ ስደተኞች ሰፈር ወረርሽኙ የተነሣው ሕዝብ በተጨናነቀበትና ውሃ ባነሰበት ቦታ ነበር።

«ውሃ አፍሉ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። በዚህ ደጋ ግን ማገዶ ብርቅ ነው፤ እናቲቱ ያላት ኩበት ለእንጀራውም አይበቃም። ስለዚህ ዓይኑ በድንጋይና በሲሚንቶ የተሸፈነ፣ ውሃው በቧንቧ የሚወርድ፣ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የተቆፈረለት፣ ከብት እንዳይገባበት የታጠረ ምንጭ ከብዙ ምክር ይሻላል። መጸዳጃ ቤቱም ከምንጩ በታችና ራቅ ብሎ ይሁን። በተለይ በክረምት፣ ዝናቡ ከሜዳ ያለውን ሁሉ ወደ ምንጩ ሲያጥብ፣ ክሎሪን ከእጃችሁ አይጥፋ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነ ነፍሰ ጡር ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ አድርጉ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት ወይም ንግግሯ ከተዛባ ሰዓትም አታሳልፉ። ባሏና አማቷ መርፌውን ይፈሩ ይሆናል። አብራችኋቸው ሂዱ፤ ፍርሃታቸውንም ለአዋላጇ አስቀድማችሁ ንገሯት። አጥቢያዎች ደግሞ በዚህ ክረምት የሚወልዱትን እናቶች በጸሎታችሁ አስቡ።