የአሞራ መንገድና የመኪና መንገድ

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አንዱ «180 ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ 100 ነው» ይላል። ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው? ማንም አልተሳሳተም። አንደኛው የተናገረው ስለ መኪናው መንገድ ነው። ሁለተኛው የተናገረው ስለ አውሮፕላኑ ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ጣና ሐይቅ ተኝቷል። መኪና በውሃ ላይ አይሄድም። ስለዚህ ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ዞሮ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ ጎንደር ይገባል። ይህ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላን ግን እንደ አሞራ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ጣናን አቋርጦ፣ በአዘዞ በኩል ካለው የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የሚበረው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜውን እናስላ። ርቀቱን ለፍጥነቱ ስናካፍል ጊዜውን እናገኛለን። በእግሩ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 180 ኪሎ ሜትር በ6 ቀን ይጨርሳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሳይቆም ከሄደ በ3 ሰዓት ይደርሳል። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሒሳቡ 10 ደቂቃ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ሲነሣና ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱ ያንሳል። ስለዚህ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል።

«20 ደቂቃ ብቻ!» ብሎ የሚቸኩል ሰው ግን ይታለላል። አውሮፕላን ከሰው ደጃፍ አይነሣም። እስቲ እንደምር። ከቤት እስከ አውሮፕላን ማረፊያ 30 ደቂቃ፣ ለፍተሻና ለመሳፈር 1 ሰዓት፣ ለበረራው 25 ደቂቃ፣ ዕቃ ተቀብሎ ከተማ ለመግባት 35 ደቂቃ እንበል። ድምሩ 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። መኪናውን የቀደመው በግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው።

ከመንገዱ መካከል ለሚነሣ ሰውማ ነገሩ ይገለበጣል። ከአዲስ ዘመን ሕመምተኛ ይዞ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው፣ አውሮፕላን ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ቢመለስ ጊዜ ያባክናል። ለእሱ የሚሻለው መኪናው ነው።

መንገዱ ሲረዝም ግን አውሮፕላኑ ይበልጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተሂዶም ላይደረስ ይችላል። በአየር ግን በረራው ከ1 ሰዓት ብዙም አያልፍም። መጠበቁ ቢጨመርበት እንኳ ከግማሽ ቀን በታች ነው።

እንግዲህ መንገድ ስትጠይቁ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብላችሁ ብቻ አትተዉ። «በምን ነው የሚኬደው? መጠበቁስ ስንት ሰዓት ነው?» በሉ። ከቤታችሁ እስከ ጤና ጣቢያ ያለውንም ጊዜ ዛሬውኑ አስልታችሁ ጻፉት። ምጥ የያዛት እናት በቤት ስትኖር ሰዓቱ የሚቆጠረው መኪናው ከተነሣበት ሳይሆን ከደጃፋችሁ ነው።