ዓሣን በጦር መውጋት እንዴት ይጀመራል?

ዛሬ ዓሣን በጦር ስለመውጋት ላስረዳችሁ ነው። ባሮ ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፍ መረብና መንጠቆ የማያውቅ ልጅ የለም። ጦሩን ግን ብዙዎቻችን ትልልቆቹ ይዘውት ሲሄዱ እናያለን እንጂ አልሞከርነውም። በሌላ አገር ፍላጻ ላይ ገመድ አስረው በቀስት የሚወጉም አሉ። በእኛ በአኙዋና በኑዌር ዘንድ ግን የታወቀው ጦሩ ነው።

1ኛ. መሣሪያው
የዓሣ ጦር እጀታው ረጅም እንጨት ነው። ብረቱ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ አለው፤ ይኸውም የተወጋው ዓሣ ሲንፈራገጥ እንዳይሾልክ ነው። ጦሩ ላይ ገመድ እናስራለን። ገመዱን እጃችሁ ላይ እንዳትጠመጥሙት! ትልቅ ዓሣ ከሆነ እናንተንም ይዞ ይሄዳል።

2ኛ. ጊዜውና የዓሣው ዓይነት
ክረምት ላይ ባሮ ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ ዓሦችም እዚያው ይቀራሉ። ለጀማሪ የሚሻለው አምባዛ ነው። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል በደፈረሰ ኩሬም ይኖራል፤ አየር ለመሳብ ብቅ ሲል ያለበት ይታወቃል። ናይል ፐርች ግን ኦክስጅን በደንብ ያለበት ውሃ ስለሚፈልግ ትልቁን ወንዝ ይመርጣል። ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል የጀማሪ ዓሣ አይደለም።

3ኛ. አነጣጠር
ዋናው ነገር ይሄ ነው። አምና በጥር ወር ከአጎቴ ጋር ወደ አንድ ኩሬ ሄድን። ውሃው ጠርቶ ዓሣው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወረወርኩ፤ ሳትኩ። ደገምኩ፤ ሳትኩ። በሦስተኛውም ሳትኩ። አጎቴ ሳቀና «አንተ የምትወጋው ጥላውን ነው፤ ዓሣው ከምታየው በታች ነው ያለው» አለኝ። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ዝቅ አድርጌ ስወረውር ግን አገኘሁት!

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ አቅጣጫውን ይቀይራል። ይህ የብርሃን ስብረት ይባላል። ዓይናችን ግን ብርሃኑ ቀጥ ብሎ የመጣ ስለሚመስለው ዓሣው ካለበት ከፍ ብሎ ይታየናል። 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ ከአናቱ ሲታይ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ይመስላል። ዳር ቆመን በጎን ስናየው ደግሞ ስህተቱ ይብሳል። እጄን አውጥቼ ይህንን በጦር እንደማውቀው ስናገር መምህራችን «ከማን ተማርክ?» አሉኝ። «ከአጎቴ» አልኩ። አጎቴ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም።

4ኛ. ጥንቃቄ
ያን ቀን የተወጋው አምባዛ ገመዱን ከእጄ አስለቅቆ ጦሩን ይዞ ሄደ። ተከትዬው ልገባ ስል አጎቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝና «ጦር ይገዛል፤ እግር አይገዛም» አለኝ። ቆመን ጠበቅን፤ ዓሣው ሲደክመው ገመዱን በረጅም እንጨት ሳብነው። ዓሣ ያለበት ቦታ አዞም አለ። በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ጋምቤላ ባሮ ውስጥ አዞ ገድሎታል። ውሃው ጸጥ ስላለ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ
• ያለ ትልቅ ሰው አትሂዱ።
• ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ጦሩ ከሄደ ይሂድ።
• ፊት ለፊታችሁ ሰው ካለ አትወርውሩ።
• ትንንሾቹን ተዉአቸው፤ ይደጉ።

ቤታችሁ ሞክሩት
ሳንቲም ኩባያ ውስጥ አድርጉና ጠርዙ እስኪሸፍንባችሁ ድረስ ወደ ኋላ ራቁ። ሳትንቀሳቀሱ ጓደኛችሁ ውሃ ይጨምርበት። ሳንቲሙ ተመልሶ ይታያችኋል። ሳንቲሙ ግን ከቦታው አልተነሳም፤ የእኔም ዓሣ እንደዚያው ነበር።