ለአንድ እጅ የተሠራ ሹካ

አክስቴ ሳሎን ያለው ቡፌ በዓመት ሦስቴ ወይም አራቴ ቢከፈት ነው። ከስኒውና ከብርጭቆው ጀርባ ውስጡ ቀይ ከፋይ የለበሰ ሣጥን አለ፤ ሹካው፣ ማንኪያውና ቢላው በየጎድጓዳቸው ተኝተውበታል። ያን የፋሲካ ማግስት ሣጥኑ ወጣ። ዶሮው ተበልቷል፣ እጅ ታጥበናል፣ መሶቡም ተነሥቷል። ብላክ ፎረስቱ ተቆርሶ በትንንሽ ሰሃን ሲታደል ከሣጥኑ የወጣው ትልቁ ሹካ አብሮት መጣ።

የአክስቴ ባል ጋሼ ሶፋው ጥግ ላይ ነበሩ፤ በአንድ እጃቸው ሰሃኑን፣ በሌላው ሹካውን ይዘዋል። ጎረቤት ገብታ ሰላም ልትላቸው ስትጠጋ ሹካውን ሰሃኑ ጠርዝ ላይ አስደገፉና ብድግ አሉ። የሹካው እጀታ ከሰሃኑ አልፎ ወጥቶ ነበርና ሚዛኑ ወደ ውጭ አደላ፤ ክሬሙን እንደያዘ ተገልብጦ ምንጣፉ ላይ አረፈ። «ይቀመጡ ጋሼ፣ እኔ አነሳዋለሁ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። አክስቴ ሹካውን አይታ ምንጣፉን አየች፤ እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹካ አያለሁ።

ጥፋተኛው ርዝመቱ ነው። የምግብ ሹካ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የተሠራው ሰሃኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱ እጅ ሹካ ሌላው ቢላ ይዞ ለሚበላ ሰው ነው። እኛ ቤት ግን ኬክ የሚበላው ሶፋ ላይ፣ ዱካ ላይ፣ አንዳንዴም ቆሞ እየተጫወቱ ነው። አንዱ እጅ ሰሃኑን ይዟል፤ መቁረጡም፣ መውጋቱም፣ ማጉረሱም ለቀረው እጅ የተተወ ሥራ ነው። ለጣፋጭ የሚሆን ዕቃ ሲመረጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፦ እንግዳው የት ይቀመጣል? ስንት እጁስ ነፃ ነው?

ለምሳው ሹካ ያልፈለገ ቤት ለኬክ ለምን ይፈልጋል ቢባል መልሱ ማስታጠቢያው ላይ ነው። እንጀራ ራሱ ማንኪያም ሹካም ነው። ጣፋጩ ግን የሚመጣው እጅ ከታጠበ በኋላ ነው፤ የታጠበ እጅ ደግሞ ተመልሶ ክሬም ውስጥ ሊገባ አይወድም። ስለዚህ በብዙ ቤት እንግዳ የሚጨብጠው የመጀመሪያ ሹካ የኬኩ ሹካ ነው።

እንግሊዞችም አንድ ሰሞን ከዚህ ብዙ የራቁ አልነበሩም። ቶማስ ኮርያት የሚባል መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1611 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጣሊያኖች ሥጋቸውን በሹካ እንደሚበሉ እንደ ትንግርት ጽፏል፤ ልማዱን ይዞ አገሩ ሲገባም ወዳጆቹ ቀልደውበታል። ሥጋው በቢላና በጣት በሚበላበት በዚያ ዘመን ግን ባለጸጎቹ ቤት አንዲት ትንሽ ሹካ ነበረች፤ የሰኬት ሹካ ይሏታል። ሰኬት በስኳር ውሃ የተቀቀለ ፍራፍሬ ወይም የብርቱካን ልጣጭ ነው፤ ጣት ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ዕቃዋ አንዷ ጫፍ ሹካ፣ ሌላዋ ጫፍ ማንኪያ ሆና ትሠራ ነበር፦ በሹካው ፍሬውን ወግተው ይጎርሳሉ፣ ገልብጠው በማንኪያው የተረፈውን ሽሮፕ ይጨልፋሉ። እጅ እንዳይጣበቅ ተብሎ ሹካ ከሥጋው በፊት ለጣፋጩ ደረሰ ማለት ነው።

የዛሬው የኬክ ሹካ የዚያች ዘመድ ይመስላል። ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ሰሃን ላይ ቢያስደግፉት አይገለበጥም። አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ሦስት ነው፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሦስቱ እኩል አይደሉም። የግራው ጥርስ ከሌሎቹ ይሰፋል፣ ጠርዙም ሳሳ ይላል፤ አንዳንዱ ላይ የግራውና የመሃሉ ጥርስ በድልድይ ተያይዘዋል። ይህ ጥርስ ቢላ ነው። ሹካውን በቀኝ እጅ ይዞ አንጓን ወደ ውስጥ ዘወር ሲያደርጉት የግራው ጠርዝ ወደ ታች ይመጣል፤ በዚያ ጫን ሲሉት ኬኩ ይቆረጣል። መልሰው ሲያቀኑት ቀጭኖቹ ጥርሶች ቁራሹን ይወጋሉ። ቢላ የሚይዝ ሁለተኛ እጅ ስለጠፋ ቢላው ሹካው ውስጥ ገባ።

ሹካው የማይበጀው ለሚፈስ ነገር ነው። ክሬም ካራሜል፣ ጭማቂው የወጣ የፍራፍሬ ሰላጣ፣ የቀለጠ አይስክሬም ማንኪያ ይፈልጋሉ። በየቤቱ የሚገኙት የሻይና የሾርባ ማንኪያ ናቸው፤ የሻዩ ልኩ 5፣ የሾርባው 15 ሚሊ ሊትር ነው። የጣፋጭ ማንኪያ የሚባለው በመካከላቸው ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በሻዩ ማንኪያ አንድ ጉርሻ በሁለት ይከፈላል፤ የሾርባው ደግሞ አፍ ይሞላል። የጣፋጩ ለአንድ ልከኛ ጉርሻ ነው። ስፕሪስ በረጅም ብርጭቆ ለሚያቀርብ ግን ጭማቂ ቤት የለመድነውን እጀታው ረጅም ማንኪያ የሚተካ የለም። አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተነባብረው ሳለ እስከ ታች ካልደረሰ ጣት ብርጭቆ ውስጥ ይገባል።

እንግዳው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሁለቱም እጅ ነፃ ነውና ሹካና ማንኪያ በጥንድ ይቀርባሉ፤ ሹካው ገፋ ያደርጋል፣ ማንኪያው ያጎርሳል። አቀማመጣቸው በአውሮፓውያን ልማድ ከሰሃኑ ራስጌ አግድም ነው፦ ማንኪያው ከላይ እጀታው ወደ ቀኝ፣ ሹካው ከሥሩ እጀታው ወደ ግራ። እያንዳንዱን በእጀታው በኩል ወደራስ ሲስቡት ያለ ማማረጥ በሚይዘው እጅ ውስጥ ይገባል።

ከእንግዳው እጅ በፊት ደግሞ የአስተናጋጇ እጅ አለ። ኬክ ለመቁረስ ቀጭንና ረጅም ቢላ ይሻላል። ለስፖንጁ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነው ሳይጨፈልቅ ይሄዳል፤ ክሬም ለበዛበት ደግሞ ቢላውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በየቁራሹ መጥረግ ነው። ቁራሹን በቢላና በጣት ደግፎ ማንሣት የብዙ ኬክ መፍረሻ ነውና ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው የኬክ ማንሻ አንድ ቢኖር ከስድስት ማንኪያ ይበልጣል።

አይስክሬም ለማውጣት የሚያገለግለው ድቡልቡል ማንኪያም ከዚሁ ከአንድ እጅ ጉዳይ የመጣ ነው። አልፍሬድ ክራል በአሜሪካ ፒትስበርግ በመድኃኒት ቤትና በሆቴል በተላላኪነት የሚሠራ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። አስተናጋጆቹ አይስክሬም ሲያወጡ በአንዱ ማንኪያ ይጨልፋሉ፤ ስለሚጣበቅ በሌላው ማንኪያ ይፍቁታል። ሁለቱም እጃቸው ተይዞ ሲቸገሩ አየ። እጀታውን ሲጨብጡት ከውስጥ ጠርጎ የሚጥል ዕቃ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1897 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። እነሆ ዛሬም በየቤቱ ያለው ስኩፕ ሥራው ያው ነው። ሼርማን ኬሊ የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው የአሉሚኒየም ማንኪያ ሠራ። እጀታው ውስጥ የታሸገው ፈሳሽ የጨባጩን የእጅ ሙቀት ወደ ማንኪያው አፍ ያደርሳል፤ አይስክሬሙም ራሱ ይላቀቃል።

ግዢው ላይ ሲደረስ ብልጭታ ያሳስታል። የማይዝግ ብረት የምንለው፣ ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዟ ሼፊልድ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ያገኘው፣ ዓይነቱ ብዙ ነው። 18/10 የሚል ጽሑፍ ካለው 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል አለው ማለት ነው፤ 18/0 ኒኬል የለውም፤ ይረክሳል፣ እድፍና ዝገትም ቶሎ ያገኘዋል። ሻጩን ሳይጠይቁ ለመለየት ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይዞ መሄድ ነው። 18/0 ሹካ ማግኔቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ 18/10 አይዝም ቢባል ይቀላል። በቢላ ግን ይህ መፈተኛ አይሠራም፤ ስለት የሚወጣለት ብረት ጥሩውም ቢሆን ማግኔት ይስባል።

ከዚያ የጣት ፈተና አለ። ጠቋሚ ጣትን በጥርሶቹ መካከል ማሳለፍ፦ የሚቧጥጥ ከሆነ ከቆርቆሮ ተቆርጦ በቅጡ ሳይሞረድ የወጣ ነው፤ ከንፈርም ይቧጥጣል። ቀጥሎ አንገቱን በአውራ ጣት ጫን ማድረግ፦ ሱቅ ውስጥ የጎበጠ ሹካ ቤት ከገባ በኋላ ከፍሪጅ የወጣ ኬክ አይችልም። ወርቃማው ቀለም ቅብ ነውና በሽቦ አይፈተግም። ነጩም ቢሆን በረኪና ውስጥ አይደር፤ በረኪና የማይዝገውን ብረት በነጥብ በነጥብ ይበላዋል።

ቁጥሩ ብዙ መሆን የለበትም። ኬክ ለሚያዘወትር ቤት አንድ ደርዘን የኬክ ሹካ፣ ግማሽ ደርዘን የጣፋጭ ማንኪያ፣ አንድ ማንሻና አንድ ስኩፕ ይበቃል። በሣጥን የሚሸጠው ሙሉ ስብስብ የሚያምረው ቡፌ ውስጥ ነው።

አክስቴ ደርዘኑን ገዛች። ለልጅ ልጇ ልደት አዲሶቹ ሹካዎች ታደሉ፤ ሁሉም አንጓውን ዘወር እያደረገ እንደ ቅቤ ይቆርጣል። ጋሼ ብቻ ሲጫኑት ኬካቸው ከመቆረጥ ይልቅ ተጨፈለቀ። ደጋግመው ሞከሩና ሰሃኑን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ቀስ ብለው፣ «እስቲ የሻይ ማንኪያ አምጣልኝ፤ ይሄ ነገር እኔን አልወደደኝም» አሉኝ። እጃቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ጋሼ ግራኝ ናቸው። ልጅ ሳሉ በግራ ሲጎርሱ እየተመቱ ስላደጉ እንጀራ በቀኝ ይጎርሳሉ፤ ሹካና እስክሪብቶ ሲይዙ ግን ወደ ተፈጥሯቸው ይመለሳሉ። በግራ እጅ ላይ ሰፊው ጥርስ ከላይ ይቀራል፤ ከታች የሚጫነው ቀጭኑ ነው። ለግራኝ የተሠራ የኬክ ሹካም ቢኖር በየሱቁ አይገኝም።

አሁን ሣጥኑ ውስጥ ከደርዘኑ ጎን ሁለት ትንንሽ ተራ ሹካዎች ተኝተዋል፤ ጥርሳቸው እኩል ነው። አክስቴ ኬክ ስታድል የጋሼን ሰሃን ከነሹካው ለብቻ አዘጋጅታ በእጃቸው ትሰጣቸዋለች። ልዩነቱን ያየ እንግዳ እስካሁን የለም።